ጥንዱ የት ገባ? አራት ኪሎ አካባቢ የተሠራ የፎቶን ጥንድ ምንጭ፦ የጉዳይ ጥናት

ይህ ጽሑፍ በመሀል አዲስ አበባ፣ አራት ኪሎ አካባቢ፣ በአንድ ትንሽ የኦፕቲክስ ላቦራቶሪ ውስጥ ስለተሠራ የተቆራኙ ፎቶኖች ምንጭ ነው፤ ማለትም አብረው የተወለዱና ተራርቀውም የልኬት ውጤታቸው የሚተሳሰር የብርሃን ቅንጣት ጥንዶችን የሚያመነጭ መሣሪያ። ምንጩ ተገጥሞ አልቋል። ሌዘሩ ይበራል፣ ዲቴክተሮቹም ይቆጥራሉ። ጥንዶቹ ግን የሉም። ለምን እንደሌሉና እንዴት እንደተገኙ መጻፍ ያስፈልጋል ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ተመሳሳይ ነገር የሚሞክር ሌላ ቡድን ገንዘቡን ያለ ቦታው እንዳያፈስ ይረዳዋል። እኔ የገባሁት ልኬቱን አብሬ እንዳይ ተጠይቄ ነው። የሰዎቹንና የተቋሙን ስም አልጠቅስም።

መነሻው

ቡድኑ ትንሽ ነው። አንዲት የማስተርስ ተማሪ፣ አንድ የዶክትሬት ተማሪ፣ አማካሪያቸው፣ እና ሁሉም «ጋሼ» የሚሏቸው አንጋፋ የላቦራቶሪ ቴክኒሺያን። የመጀመሪያ ግባቸው የቤልን ፈተና በራሳቸው ጠረጴዛ ላይ ማሳየት ነበር። ከዚያ በኋላ ደግሞ በተቆራኙ ፎቶኖች የምስጢር ቁልፍ መጋራትን ለተማሪዎች ማስተማር።

የፈተናው ታሪክ ረጅም ነው። በ1935 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አንስታይን፣ ፖዶልስኪና ሮዘን ጥያቄውን አነሱ፦ የተቆራኙ ቅንጣቶች የልኬት መልሳቸውን አስቀድመው ይዘው ነው የሚሄዱት? በ1964 ጆን ቤል ጥያቄውን በልኬት ሊፈተን ወደሚችል ነገር ለወጠው። በ1969 ክላውዘር፣ ሆርን፣ ሺሞኒና ሆልት ለላቦራቶሪ የሚመች ቀመር አወጡለት። በእነሱ ቀመር በአራት አንግሎች ከሚለካው አንድ ቁጥር፣ የቤል ቁጥር፣ ይሰላል፤ መልሱ አስቀድሞ አለ የሚለው የተለመደው አስተሳሰብ ከ2 ማለፍ አይችልም። ኳንተም ሜካኒክስ ግን እስከ 2.83 ገደማ ይሄዳል። በ2022 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ለአላን አስፔ፣ ለጆን ክላውዘርና ለአንቶን ዛይሊንገር የተሰጠው ይህን በሙከራ ስላሳዩ ነው።

ቡድኑ የመረጠው ንድፍ በ1999 ፖል ክዊያትና ባልደረቦቹ ያስተዋወቁትን ነው። የሞገድ ርዝመቱ 405 ናኖሜትር የሆነ ሐምራዊ የዳዮድ ሌዘር አለ። ከፊቱ ቢቢኦ የሚባሉ ሁለት ስስ ክሪስታሎች አሉ። እያንዳንዳቸው ግማሽ ሚሊሜትር ውፍረት አላቸው፤ አንዱ ከሌላው አንጻር 90 ዲግሪ ዞሮ ተጣብቋል። አልፎ አልፎ አንድ የሌዘር ፎቶን ክሪስታሉ ውስጥ ለሁለት ይከፈላል። ጉልበቱ እኩል ሲካፈል ሁለቱ ልጆች 810 ናኖሜትር ይሆናሉ፤ አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ጥቂት ዲግሪ ከፍተው ይወጣሉ።

የሌዘሩ ፖላራይዜሽን፣ ማለትም ማዕበሉ የሚወዛወዝበት አቅጣጫ፣ በ45 ዲግሪ ያዘነብላል። ስለዚህ ጥንዱ ከመጀመሪያው ክሪስታልም ከሁለተኛውም ሊወለድ ይችላል። ከአንዱ ከተወለደ ሁለቱም ፎቶኖች አግድም ናቸው፤ ከሌላው ከተወለደ ሁለቱም ቁም ናቸው። ከየትኛው እንደመጣ የሚለይ ምንም ምልክት ከሌለ ቁርኝቱ ይፈጠራል። ይህችን «ምንም ምልክት ከሌለ» የምትል ቅድመ ሁኔታ ልብ በሉ። የጉዳዩ ግማሽ እሷ ላይ ነው የሚሽከረከረው።

ችግሩ

እያንዳንዱ ዲቴክተር ለብቻው ሲቆጥር ቁጥሩ በሰከንድ በአስር ሺዎች ይሄዳል። ሁለቱ በአንድ ቅጽበት የቆጠሩት ግን በጣም ጥቂት ነው። የጥንድ ቆጠራው ለነጠላ ቆጠራው ሲካፈል ከ100 1 እንኳ አይሞላም።

ሁለተኛው ችግር ከዚህ የባሰ ነበር። በየዲቴክተሩ ፊት ፖላራይዘር፣ በአንድ አቅጣጫ የሚወዛወዘውን ብርሃን ብቻ የሚያሳልፍ ማጣሪያ፣ አለ። አንዱን በ0 ዲግሪ አስቀምጠው ሌላውን ሲያዞሩ የጥንድ ቆጠራው ይወጣል፣ ይወርዳል። መልካም። አንዱን በ45 ዲግሪ አስቀምጠው ሌላውን ሲያዞሩ ግን ቆጠራው እንደ ጠፍጣፋ መሬት ዝም ይላል። ይህ ማለት የተገኙት ጥቂት ጥንዶች ራሳቸው ቁርኝት አላሳዩም ማለት ነው።

ስደርስ ቡድኑ ውስጥ ክርክር ነበር። የዶክትሬት ተማሪው ሌዘሩ ደካማ ነው፣ የበለጠ ኃይለኛ እንዘዝ ይላል። አማካሪው ዲቴክተሮቹን ይጠረጥራል። ጋሼ ደግሞ መንገዱ ላይ የሚቆፍረው ማሽን ጠረጴዛውን እያንቀጠቀጠው ነው ይሉ ነበር። የማስተርስ ተማሪዋ ብቻ ማስታወሻ ደብተሯን አውጥታ አንድ ነገር አሳየችኝ፦ ነጠላ ቆጠራው ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ይጨምራል። መብራት ጠፍቶ፣ ክፍሉ ጨልሞ፣ ይጨምራል። መቀነስ ሲገባው።

ቅልጥፍና ሲባል ምን ማለት ነው

ወደ መፍትሔው ከመሄዴ በፊት ይህን ማንሳት አለብኝ፤ ምክንያቱም ክርክሩ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው። ብዙ ሰው ቀልጣፋ ምንጭ ሲባል ብዙ ጥንድ የሚያመነጭ ይመስለዋል። ማመንጨት የታሪኩ ግማሽ ነው።

1 ሚሊዋት የሆነ 405 ናኖሜትር ሌዘር በሰከንድ 2,000 ትሪሊዮን ገደማ ፎቶኖች ይለቃል። ከእነዚህ ውስጥ የሚከፈሉት እጅግ ጥቂት ናቸው። ሆኖም መነሻው ትልቅ ስለሆነ ጥንድ አይቸግርም። የሚቸግረው የተወለደውን ጥንድ ሁለቱንም መያዝ ነው። አንድ እግር ጫማ ይዞ ቤት የገባ ሰው ጫማ ገዛሁ አይልም፤ ፎቶንም እንዲሁ ነው።

ሒሳቡን እንየው። በአንዱ መስመር ሌንሱና ብርሃኑን ወደ ዲቴክተሩ የሚወስደው ፋይበር ግማሹን ፎቶን ቢሰበስቡ፣ ፊልተሩ 90 በመቶውን ቢያሳልፍ፣ ዲቴክተሩ ደግሞ 60 በመቶውን ቢያይ፣ በጠቅላላው 27 በመቶ ይተርፋል። ይህ ለአንድ መስመር ነው። ሁለቱም አብረው እንዲተርፉ 0.27 በ0.27 ይባዛል፤ ወደ 7 በመቶ ይወርዳል። የአንድ መስመር ጉድለት ለብቻው ቀላል ይመስላል። ሲባዛ ነው ጉዱ የሚወጣው።

ደስ የሚለው ነገር፣ ጥንዱን ለነጠላው ማካፈል የሌላኛውን መስመር ቅልጥፍና በቀጥታ ይነግራል። የግራው ዲቴክተር አንድ ፎቶን ካየ፣ ጓደኛው በቀኝ መስመር መኖሩ የታወቀ ነው። ቀኙ ስንቱን ጊዜ አየው? መልሱ የቀኙ መስመር ቅልጥፍና ነው። ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም። ቡድኑ ይህን ቁጥር በእጁ ይዞ ነበር፤ የሚከታተለው ግን ጠቅላላ ቆጠራውን ነበር።

ማታ ማታ የሚመጣው ብርሃን

መጀመሪያ ያደረግነው ሌዘሩን በጥቁር ካርቶን መሸፈን ነበር። ነጠላ ቆጠራው ወደ ታች መውረድ ነበረበት። ወረደ፣ ግን ብዙም አይደለም። ስለዚህ ከሚቆጠረው ውስጥ ትልቁ ክፍል ከክሪስታሉ አይመጣም። የጋሼ ማሽንም በዚሁ ነጻ ወጣ፤ መንቀጥቀጥ ፎቶን አይፈጥርም። ለማረጋገጥ ሥራ በማይሠራበት እሑድ ለካን፤ ያው ነው።

ታዲያ ብርሃኑ ከየት ነው? መልሱ የተገኘው ሌላ ነገር ስንሠራ ነው። የፋይበሮቹን አቅጣጫ ለመፈተሽ ከዲቴክተሩ ነቅለን በወጪው ጫፍ 810 ናኖሜትር የማስተካከያ ሌዘር እንልካለን። ብርሃኑ በመጣበት መንገድ ወደ ኋላ ሄዶ ክሪስታሉ ላይ ያርፋል። 810 ናኖሜትር ለዓይን እምብዛም አይታይም፤ ለስልክ የፊት ካሜራ ግን ይታያል። ጋሼ ነጭ ወረቀት ክሪስታሉ አጠገብ ይዘዋል፣ ተማሪዋ በስልኳ ነጠብጣቡን ትፈልጋለች። ስልኩን ስታዞር በበሩ መስታወት በኩል ደማቅ ሐምራዊ ነጭ ብርሃን ስክሪኑ ላይ ታየ።

«ጋሼ፣ ኮሪደሩ ላይ የበራ መብራት አለ እንዴ?»

«የለም ልጄ፣ ሁሉንም አጥፍቻለሁ።»

ዓይናችንን ወደ በሩ ስናዞር ጨለማ ነው። በስልኩ ሲታይ ግን ኮሪደሩ እንደ ቀን ነው። የጥበቃ ካሜራው ነበር። እነዚህ ካሜራዎች አካባቢው ሲጨልም ለሰው ዓይን የማይታይ፣ ብዙ ጊዜ 850 ናኖሜትር አካባቢ የሆነ ብርሃን ያበራሉ። የቡድኑ ፊልተር ሐምራዊውን ሌዘር የሚያግድ፣ ከዚያ በላይ ያለውን ሁሉ የሚያሳልፍ ዓይነት ነበር። ለሲሊከን ዲቴክተር ደግሞ 850 ናኖሜትር የሚመች ሰፈር ነው። ኮሪደሩ በጨለመ ቁጥር ካሜራው ይበራል፣ ዲቴክተሩም ይቆጥራል። የተማሪዋ ማስታወሻ ልክ ነበር።

መፍትሔው ርካሽ ነው። የበሩ መስታወት ተሸፈነ። ጠረጴዛው ላይ በጥቁር ጨርቅ የተለበጠ ሳጥን ተሠራ፤ ጋሼ ከአሮጌ መደርደሪያ ነው የሠሩት፣ ስፌቱም የሳቸው ነው። በየመስመሩ 810 ናኖሜትርን ማዕከል ያደረገ ጠባብ ፊልተር ገባ። ነጠላ ቆጠራው ክፉኛ ወረደ። የጥንድ ቆጠራው ግን እምብዛም አልተነካም። የዚያን ቀን የሁሉም ፊት ሲፈታ ማየት ደስ ይል ነበር።

የፋይበሩ ፍተሻም የራሱን ጉድ አወጣ። የግራው መስመር ብርሃን የሌዘሩ ነጠብጣብ ላይ በትክክል ያርፋል። የቀኙ ከነጠብጣቡ አንድ ሚሊሜትር ያህል ፈቀቅ ብሎ ነበር። በሌላ አነጋገር የቀኙ ፋይበር የሚሰበስበው ጓደኞቻቸው ሌላ ቦታ የሄዱ ፎቶኖችን ነው። ሁለቱ ነጠብጣቦች ከሌዘሩ ጋር እስኪደራረቡ ተስተካከለ። የሌዘሩ የትኩረት ስፋትም ከፋይበሮቹ ጋር እንዲመጣጠን አንድ ሌንስ ተቀየረ። የጥንድና የነጠላ ምጥጥን ወደ 10 በመቶ ተጠጋ። አዲስ ዲቴክተር አልተገዛም።

ኃይል መጨመር ለምን አልረዳም

የሌዘሩን ኃይል የማሳደግ ሐሳብ ከእኔ በፊት ተሞክሮ ነበር። ቆጠራው ጨመረ፣ የልኬቱ ጥራት ግን ወረደ። ምክንያቱ ግልጽ ነው።

ሁለት ዲቴክተሮች በአጋጣሚ አንድ ላይ ሊቆጥሩ ይችላሉ። የአጋጣሚው ብዛት የሁለቱ ነጠላ ቆጠራ ብዜት በጊዜ መስኮቱ፣ ማለትም ሁለት ቆጠራዎች እንደ አንድ ጥንድ በሚያዙበት አጭር ጊዜ፣ ተባዝቶ ነው። ለምሳሌ ሁለቱም በሰከንድ 50,000 ቢቆጥሩና መስኮቱ 10 ናኖሰከንድ ቢሆን፣ በሰከንድ 25 የውሸት ጥንድ ይገኛል። ኃይሉ እጥፍ ሲሆን እውነተኛው ጥንድ እጥፍ ይሆናል፤ የውሸቱ ግን አራት እጥፍ። ከዚህ በተጨማሪ ሁለት ጥንዶች በአንድ መስኮት ውስጥ ሲወለዱ የማን ጓደኛ ማን እንደሆነ ይምታታል። ይህ በየትኛውም የዚህ ዓይነት ምንጭ ላይ ያለ ነው። የተሻለ ክሪስታል አያጠፋውም።

ኃይሉን ዝቅ አድርገን ረዘም ላለ ጊዜ ቆጠርን። የጊዜ መስኮቱንም የቆጠራው ኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ በሚፈቅደው መጠን አጠበብነው። የዶክትሬት ተማሪው መጀመሪያ አልወደደውም ነበር። ሒሳቡን ራሱ ከሠራው በኋላ ግን ኃይለኛ ሌዘር ለመግዛት የተጻፈውን ማመልከቻ ያስቀረው እሱው ነው። የ405 ናኖሜትር ጨረር ለዓይን አደገኛ መሆኑንም አንርሳ፤ ኃይሉ በጨመረ ቁጥር መነጽር ማድረግ ብቻውን አይበቃም።

የ45 ዲግሪው ፈተና

አሁን ጥንድ አለ። ተቆራኝቷል ወይ?

በ0 ዲግሪ ብቻ ለክቶ «አዎ» ማለት አይቻልም። ግማሹ ጊዜ ሁለት አግድም፣ ግማሹ ጊዜ ሁለት ቁም ፎቶኖች የሚልክ ተራ መሣሪያ ቢኖር በ0 ዲግሪ ፈተና ያው ውጤት ይሰጣል። ልዩነቱ የሚወጣው በ45 ነው። የተቆራኘ ጥንድ እዚያም ይወጣል፣ ይወርዳል። ተራው ድብልቅ ዝም ይላል። ለቤል ፈተና ደግሞ በሁለቱም አቅጣጫ የከፍታና የዝቅታ ልዩነት ለድምራቸው ሲካፈል ከ71 በመቶ ገደማ መብለጥ አለበት።

የእነሱ ዝም ያለው በሦስት ምክንያት ነው።

አንደኛው፣ በሁለቱ ክሪስታሎች ልደት መካከል ያለው የፌዝ ልዩነት፣ ማለትም አንዱ ማዕበል ከሌላው የሚቀድምበት መጠን፣ አልተስተካከለም። ፌዙ 90 ዲግሪ ላይ ከወደቀ፣ ጥንዱ ቢቆራኝ እንኳ በዚህ ፈተና ጠፍጣፋ ይታያል። በሌዘሩ መስመር ላይ ስስ የኳርትዝ ሳህን ገባና ቀስ እያልን አዘነበልነው። ቆጠራው መንቀሳቀስ ጀመረ።

ሁለተኛው፣ አይሪሶቹ፣ ማለትም ብርሃኑ የሚያልፍባቸው የሚጠቡና የሚሰፉ ቀዳዳዎች፣ በጣም ሰፊ ነበሩ። ፌዙ በመውጫው አንግል ይለያያል። ሰፊ አንግል ስትሰበስብ የተለያየ ፌዝ ያላቸውን ጥንዶች ትደባልቃለህ፤ እርስ በርስ ይጣፋሉ። አይሪሶቹ ሲጠቡ ልዩነቱ ተሻሻለ፣ ቆጠራው ቀነሰ። እዚህ ላይ ምርጫ አለ፣ ማምለጫ የለም።

ሦስተኛው ብዙ የሚታለፈው ነው። ርካሽ የዳዮድ ሌዘር አንድ ንጹሕ ቀለም አይሰጥም፤ የተቀራረቡ ብዙ ቀለሞችን ነው። ስለዚህ የብርሃኑ ማዕበል ራሱን የሚመስለው ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ክሪስታል የተወለደው ጥንድ ሁለተኛውን ማቋረጥ አለበት፤ በሁለተኛው የተወለደው አይጠበቅበትም። የጊዜ ልዩነት ይፈጠራል። ያ ልዩነት ጥንዱ ከየት እንደመጣ የሚያጋልጥ ምልክት ነው። ምልክት ካለ ቁርኝት የለም። መድኃኒቱ ከክሪስታሎቹ በፊት ሌላ የማካካሻ ክሪስታል አስቀምጦ የሌዘሩን ሁለት ፖላራይዜሽኖች በዚያው ልክ አስቀድሞ ማለያየት ነው። ከውጭ ታዝዞ መጣ። ከዕቃዎቹ ሁሉ በትዕግሥት የተጠበቀው እሱ ነው፤ ሲገባም ልዩነቱ ወዲያው ታየ።

በመጨረሻ የአራቱ አንግሎች ልኬት ተሠርቶ የቤል ቁጥር ከ2 በላይ ወጣ፤ ከስህተት ወሰኑም ርቆ። ልኬቱ በሌላ ቀን ተደግሞም ያው ነው። ጋሼ ወረቀቱን ተቀብለው ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

መብራትና ክረምት

እነዚህን በአጭሩ አልፋቸዋለሁ፤ ነገር ግን አዲስ አበባ ውስጥ ለሚሠራ ሰው ችላ የሚባሉ አይደሉም።

መብራት ሲጠፋ ሌዘሩ ይቀዘቅዛል፤ ሲመለስ የሞገድ ርዝመቱ ከሙቀቱ ጋር ይንሸራተታል። ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ የሚተካው ባትሪ፣ ለሌዘሩና ለሙቀት መቆጣጠሪያው ብቻ ተመደበ፤ ኮምፒውተሩ ሌላ ላይ። መብራት በጠፋ ቁጥር ሌዘሩ ተረጋግቶ ሙቀቱ እስኪቆም ልኬት አይጀመርም የሚል ደንብ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ በማራገቢያ ብቻ የሚቀዘቅዝ መሣሪያ ባሕር ጠለል ላይ እንደሚሠራው አይሠራም። ሙቀቱን ለክቶ ማየት ያስፈልጋል።

ቢቢኦ ደግሞ እርጥበት ይስባል። በክረምት ፊቱ ሊደበዝዝ ይችላል። ሥራ ሲያልቅ ክሪስታሉ እርጥበት ከሚመጥ ሲሊካ ጄል ጋር ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ይገባል። ሲሊካ ጄሉ ከጫማ ካርቶን የተሰበሰበ ነው፤ በምጣድ ደርቆ እንደገና ይሠራል።

ያልተሳካው

ሁሉም አልሰመረም። ምጥጥኑን ከ10 በመቶ ብዙ ማሳለፍ አልተቻለም። የቀረው ኪሳራ ፋይበሩ ላይ ነው፤ የዚህ ንድፍ ክሪስታል በሰፊ አንግል ስለሚረጭ አንድ ፋይበር ውስጥ መሰብሰብ ይከብዳል። ሰፊ ፋይበር ሞክረን ቆጠራው ጨመረ፣ የ45 ዲግሪው ልዩነት ግን ተበላሸ። ወደ ጠባቡ ተመለስን። ኮምፒውተሩ አይሪሱንና ሳህኑን ራሱ እንዲያስተካክል የተጻፈው ፕሮግራምም ተትቷል፤ ሞተሮቹ መልሰው እዚያው ቦታ አይቆሙም።

ለሌላ ላቦራቶሪ

ሥራ ስትጀምሩ ሌዘሩን ሸፍናችሁ ቁጠሩ። የሚቀረው ቁጥር የእናንተ አይደለም፤ ምንጩን ፈልጉ፣ በስልክም ቢሆን። የጥንድና የነጠላ ምጥጥንን በየቀኑ ጻፉ፤ ጠቅላላ ቆጠራ ያታልላል። ምጥጥኑ ዝቅተኛ ከሆነ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ሁለቱ ፋይበሮች አንድ ነጠብጣብ እንደሚያዩ አረጋግጡ።

የ0 ዲግሪ ውጤት አምሮ ሲታይ አትደሰቱ፤ 45ን ጠብቁ። ዳዮድ ሌዘር ስትገዙ የማካካሻውን ክሪስታል በዚያው ትእዛዝ ላይ ጨምሩት፣ ለብቻው ማዘዝ ወራት ይወስዳል። እና የሰዓት ማስታወሻ የሚይዝ ሰው ይኑራችሁ። እዚህ መፍትሔውን የከፈተችው ከምሽቱ 1 ሰዓት የምትል መስመር ናት።

ቀጥሎ

ቡድኑ አሁን ወደ ሌላ ክሪስታል እያየ ነው፤ ፒፒኬቲፒ የሚባለው። ውስጡ በየጥቂት ማይክሮሜትሩ አቅጣጫው እንዲገለባበጥ ተደርጎ ስለሚሠራ ጥንዶቹ በአንድ መስመር ይወጣሉ፤ ረጅም ክሪስታል መጠቀምና በፋይበር መሰብሰብም ይቀላል። በ2016 የተወነጨፈችው የቻይናዋ ሚሲየስ ሳተላይት የያዘችው ይህን ዓይነት ነው። በ2017 በወጣው ውጤት ሳተላይቷ በሰከንድ 5.9 ሚሊዮን ጥንድ እያመነጨች 1,200 ኪሎ ሜትር የተራራቁ ሁለት ጣቢያዎች ላይ የደረሰው በሰከንድ አንድ ገደማ ነበር። ኪሳራ ሲባዛ እንዲህ ነው።

አማካሪው በፎቶኖቹ የሚጋራውን የምስጢር ቁልፍ ከሕንፃው ማውጣት ይፈልጋል። እስከ ሜክሲኮ አደባባይ ያለው የፋይበር መንገድ 5 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። 810 ናኖሜትር በፋይበር ውስጥ በየኪሎ ሜትሩ ግማሽ ያህሉ ይጠፋል፤ ሜክሲኮ ሲደርስ ከ32 ፎቶን አንዱ ነው የሚተርፈው። በ1550 ናኖሜትር ቢሆን 80 በመቶው ይደርሳል። ግን ሲሊከን ዲቴክተር 1550ን አያይም፤ ሌላ ዓይነት ዲቴክተር ይፈልጋል፣ ምርጡም በፍፁም ዜሮ አካባቢ መቀዝቀዝ አለበት። ስለዚህ ለጊዜው የተያዘው ዕቅድ አንዱን ፎቶን 810 አድርጎ እዚያው ክፍል ውስጥ ማስቀረት፣ ሌላውን ረጅም ሞገድ አድርጎ መላክ ነው። የክሪስታሉ ትእዛዝ ተጽፏል። የሙቀት ሳጥኑን ጋሼ እየለኩ ነው።